ሮዝን ፍለጋ ጎንደር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወደ ጎንደር ያመጣችኝ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። ጥቅምት ላይ ቀለማትን ስንማር እንደ ልማዴ የእያንዳንዱን ቀለም ስም ከወላጁ ጋር አስተዋወቅኋቸው፤ ሰማያዊ የሰማይ ልጅ፣ ቡናማ የቡና፣ ብርቱካናማ የብርቱካን፣ ወርቃማ የወርቅ። ልጆች እንዲህ ያለ ዝምድና ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። አንዷ ግን ሹራቧን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ እያሳየችኝ፣ «ቲቸር፣ ሮዝስ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የአበባ» አልኳት።

«የቱ አበባ?»

«የጽጌረዳ።»

«ታዲያ ለምን ጽጌረዳማ አልተባለችም?»

ደወል ተደወለና ልጆቹ ወጡ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከቡና ቡናማ ካልን ከሮዝ ሮዝማ ያላልነው ለምንድን ነው? አበባዋን ጽጌረዳ፣ ቀለሟን ሮዝ እያልን እናትና ልጅን በሁለት ቤት አኑረናል። ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ስናገረው አላየሁትም ነበር።

ጎንደርን የመረጥኩት አክስቴ እዚያ ስላለች ነው። ጊዜውም ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ 40 ቀን ሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያን አበባን እያነሣች ትዘምራለች፤ በማግስቱ ኅዳር 6 ቁስቋም ትነግሣለች። የአበባን ስም ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ሰሞን አላገኝም ብዬ የሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ።

አውሮፕላኑ አዘዞ ሲያርፍ ረፋድ ላይ ነበር። አደይ አበባው አልፏል፤ በየዳገቱ የቀረው ደረቅ ጭንቅላቱ ነው። ጤፉ መልኩን እየቀየረ ነው። ከአዘዞ ወደ ከተማው በታክሲ ስንወጣ የፋሲል ግንብ ማማዎች ከዛፎቹ በላይ ብቅ አሉ።

አክስቴን «እታበባ» ነው የምላት። ልጅ ሆኜ ስሟ ይመስለኝ ነበር፤ ታላቅን ሴት በአክብሮት መጥሪያ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። እት አበባ። አበባን ስም አድርጎ ለመጥራት አማርኛ ችግር የለበትም ማለት ነው። በር ላይ ቆማ፣ «እሰይ፣ የኔ ዓለም! እንኳን ደህና ገባሽ!» አለችኝ። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል እጇ ታየኝ። እንሶስላ ሞቃለች።

የጎረቤት ልጅ ክርስትና ነበረ አለችኝ። መዳፏ ከታጠበ የሸክላ ድስት ውስጠኛ ገጽ ጋር አንድ ነው፤ ወደ ጣቶቿ ጫፍ ሲደርስ እየጠቆረ ሄዶ ጥፍሯ ላይ ጥቁር ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የእጇን መስመሮች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ቀለሙ በመስመሮቹ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። ሥሩን ቆፍረው፣ አጥበው፣ ወቅጠው፣ እጅና እግር ላይ አድርገው ሌሊቱን በጨርቅ አስረውት ያድራሉ። ጠዋት ሲፈታ እንዲህ ይሆናል።

እንሶስላ ሲያብብ አይቻለሁ። አበባው ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ብቻ ወይን ጠጅ የነካው ነጥብ አለ። የሳይንስ ስሙ «ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ» ሲሆን ሁለተኛው ቃል በላቲን «ማቅለሚያ የሚሆን» ማለት ነው። ቀለሙ ያለው ግን አበባው ላይ ሳይሆን መሬት ውስጥ፣ ሥሩ ላይ ነው። እታበባ «እንሶስላ» ስትል ተክሉን ልትል ትችላለች፣ ሙቁን ልትል ትችላለች፣ መልኩንም ልትል ትችላለች። ሦስቱም ለእሷ አንድ ቃል ናቸው። ገና ጎንደር በገባሁ በሁለተኛው ሰዓት የፈለግሁትን ዓይነት ቃል አክስቴ እጅ ላይ አገኘሁት።

«ለጥምቀት ቀሚስ ላሠራ ነው» አለችኝ ቡና እየቀዳች። «ጥለቱን እንዲህ አድርጊልኝ፤» ብላ መዳፏን ዘረጋች። «ሰኞ ክሩን አንቺ ግዢልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል።»

ሌሊቱን በዓታ ለማርያም ማኅሌት ቆምን።

እሑድ፣ ኅዳር 2

ጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ ናት። ከየአገሩ የተማሩ ሁሉ እዚህ መጥተው ይፈተናሉ። ሌሊቱን ከዓምዱ ጥግ ተቀምጬ ያየሁት የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው፤ መቋሚያው አንድ ላይ ይነሣል፣ ጸናጽሉ አንድ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ከበሮው ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይገባል። ሊነጋጋ ሲል ነጠላ ለባሹ ሁሉ ይወዛወዛል፤ እኔም ሳላውቀው ስወዛወዝ ራሴን አገኘሁት። በዓመቱ የመጨረሻው የጽጌ እሑድ ስለሆነ ማንም የደከመው አይመስልም። «ጽጌ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

ሲነጋ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና እጅ ነሥቼ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ጽጌረዳ ቀለሟ ምንድን ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ጽጌ ማለት በግዕዝ አበባ ነው። ጽጌረዳ አበባ የሚል ሰው አበባን ሁለት ጊዜ ይጠራል። ቀለሟ ነው ያልሽኝ? እኛ ጽጌ ስንል መዓዛዋን እናስባለን፤ ከየት ሥር እንደ ወጣች እናስባለን፤ ምን ፍሬ እንዳፈራች እናስባለን። ኢሳይያስ 11ን አንብቢ፤ ከእሴይ ሥር በትር ይወጣል፣ አበባም ከእርሱ ይወጣል። እዚያ ቀለም አለ?»

የለም። ሌሊቱን በሙሉ አበባ ሲዘመር ሥሯ፣ ፍሬዋ፣ መዓዛዋ ነበር የሚጠራው። ይህን ከእርሳቸው አፍ ስሰማ የልጅቷ ጥያቄ አንዱ በር የተከፈተ መሰለኝ። በእኛ ቋንቋ ጽጌረዳ ሌላ ሥራ አላት። ከእናታችን ከማርያም ጋር፣ ከስደቷ ጋር፣ ከልጇ ጋር የተሳሰረች ናት። የሹራብ መልክ ለመጥራት ማንም ደፍሮ ያላወረዳት ለዚህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለጌጥ ስትፈለግ ከባሕር ማዶ ሌላ ስም መጣ።

ከሰዓት እንቅልፍ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የክር ቤቱ ከእጅ ስፋት ብዙም የማይበልጥ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ግን እስከ ጣራው ቱባ ነው። ሻጯ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

«እንሶስላ የሚመስል ክር» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና አንድ መሳቢያ ስባ ስምንት ዘጠኝ ቱባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይሄ ፒንክ ነው። ይሄ ደግሞ ደማቁ ፒንክ። ይሄኛው ወደ ቀይ ያደላል።»

አጠገቤ ሕፃን ያዘለች ሴት ቆማለች። ጣቷን አንዱ ቱባ ላይ አድርጋ፣ «ከዚህ ሮዝ ሦስት ስጪኝ» አለች። ሻጯ ያንኑ ፒንክ ያለችኝን ቱባ አንሥታ ሰጠቻት። ማንም ማንንም አላረመም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክር ሁለት ስም አለው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ለሽያጩ የሚያግደው ነገር የለም።

ሮዝ እየተገፋች ነው። የከተማ ወጣት ፒንክ ማለት ይቀለዋል፤ የክፍሌም ልጆች ግማሾቹ ፒንክ ነው የሚሉት። የሚገርመኝ ግን ፒንክም ራሷ የአበባ ስም መሆኗ ነው። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን ፒንክ ይሉ የነበረው አንድ ትንሽ የአትክልት አበባን ነው፤ የካርኔሽን ዘመድ የሆነውን፣ ዳያንተስ የሚባለውን። ቀለሙ ከዚያች አበባ ስሙን የወሰደው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ይህን መልክ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ የጽጌረዳ መልክ እያሉ ይኖሩ ነበር። ዛሬ ፒንክ ብሎ አበባዋን የሚያስብ እንግሊዝ ጥቂት ነው። አበባዋ ስሟን ለቀለሙ አውርሳ እሷ ዞር ብላለች።

የአበባዋ ስም ከየት መጣ ለሚለው አንዱ አስተያየት በዓይኔ የታየኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከክር ቤቱ ሁለት በር ወረድ ብሎ ልብስ ሰፊ አለ። ጨርቁ እንዳይተረተር ጠርዙን በዚግዛግ መቀስ እየቆረጠ ነበር። መቀሱ ጥርስ አለው፤ ሲቆርጥ ጠርዙ እንደ መጋዝ ይሆናል። እንግሊዝኛ ይህንንም አቆራረጥ ፒንክ ይለዋል። የዳያንተስ የአበባ ቅጠል ጫፉ ልክ እንዲህ የተነካከሰ ነው፤ አበባዋም በዚያ ተጠራች ይባላል። ቁራጩን ለመንኩትና ሰጠኝ፤ ደብተሬ ውስጥ አለ። ለልጆቹ እንደ አበባ ቅጠል ቆርጬ አሳያቸዋለሁ።

ከዚያ አዲስ ዓለም ወረድኩ። ይህ የጎንደር ጥንታዊ የሙስሊሞች ሰፈር ነው፤ ሽመና እዚያ የቆየ ሙያ ነው። አንድ ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ነጠላ ይሠራል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ይሄዳል፤ ድሩ ነጭ፣ ማጉ ነጭ፣ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። የገዛሁትን ቱባ አሳየሁትና፣ «እንሶስላ ይመስላል ተብሎ የተሰጠኝ ነው፤ ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት።

«እህቴ፣ አሁን ሮዝ እንላለን። አባቴ ግን ቀይ ነበር የሚለው። ለሱ ከቀይ ወዲህ ያለው ሁሉ ቀይ ነው፤ ወይ ደማቅ ቀይ፣ ወይ ፈዛዛ ቀይ።» ቱባውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። «እንሶስላ ይመስላል ያለችሽ ሴት ግን ዓይኗ ጥሩ አይደለም። ይሄ እኮ እንሶስላ አይደለም። እንሶስላ ጭቃ አለበት።»

ጭቃ አለበት። ይህን ቃል በሕይወቴ አልረሳውም። እውነቱን ነው፤ የእታበባ መዳፍ ላይ ያለው ቀይ ከውስጡ አፈር አፈር ይላል፤ ቱባው ላይ ያለው ግን ንጹሕ፣ ስኳር የመሰለ ነው። በኋላ ተመልሼ ሄጄ ወደ ጡብ የሚያደላውን ለወጥኩት። ሻጯ ደስ ብሏት ለወጠችልኝ፤ ለእሱ ግን ስም አልነበራትም።

ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በዙሪያዬ ያሉት ቤቶች ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸው ናቸው፤ ፒያሳም ማኪያቶም የጣሊያን ቃል ናቸው። ሮዝስ? ጣሊያንኛ ቢሆን ሮዛ እንል ነበር፤ እነሱ አበባዋንም ቀለሟንም ሮዛ ነው የሚሉት። መጨረሻዋ ላይ የቆረጠች፣ «ዝ» ላይ የምታርፍ ሮዝ የፈረንሳዮች ናት። ፈረንሳይኛ እኛ አገር የመጣው በባቡሩ ሐዲድ፣ በትምህርት ቤቱና በሱቁ ነው፤ ቃሏም በዚያው መንገድ የገባች ናት ብዬ አምናለሁ።

ፈረንሳዮች ለሮዝ የሰጧት ቦታ ደስ ይለኛል። በቋንቋቸው የፍሬና የነገር ስም ለቀለም ሲውል ብዙውን ጊዜ ለነጠላም ለብዙም አይለወጥም፤ ማሮን የሚባለው ፍሬ ለቡናማ ቀለም ስሙን ሲሰጥ ቀሚሶቹ አንድም ይሁኑ መቶ ያው ማሮን ነው። ሮዝ ግን ቀሚሶቹ ሲበዙ እሷም ትበዛለች። እንደ ማንኛውም ቅጽል ሆናለች፤ ቀለም ሆና ተወልዳለች ማለት ይቻላል። አበባዋም በዚያው ስም አጠገቧ አለች፤ አንድ ፈረንሳዊ ሕፃን የማን ልጅ ናት ብሎ ቢጠይቅ እናቱ መስኮት ከፍታ ታሳየዋለች።

ወደ እኛ ስትመጣ የመጣችው ቀለሟ ብቻ ነው። አበባዋ ወደብ ላይ ቀረች። «ማ»ን ልንጨምርላት ያልቻልነውም ለዚህ ነው። ቡናማ ስንል እጃችን ላይ ቡና አለ፤ ገብስማ ስንል ገብስ አለ። ሮዝ ስንል ግን «ማ» የሚያርፍበት ነገር በእጃችን የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

በሚኒባስ ወደ ሰሜን። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ሲቀይር ሃያ ደቂቃ መንገድ ዳር ቆምን፤ ብርዱ ከጎንደር ይለያል። ከዚያ ኮሶዬ ወረድኩ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሚ ቆላው ከእግርሽ ሥር ተዘርግቶ ታያለሽ።

አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በግ ይጠብቃል። ቀጋ የት አለ አልኩት። «ነይ፣ እትዬ» ብሎ በአጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

ቀጋን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፍሬዋ ነው፤ ልጅ ሆነን እሾህ እየወጋን የበላናት ናት። ጽጌረዳ መሆኗን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮዋ የምትበቅል ጽጌረዳ እሷ ብቻ ናት። የሳይንስ ስሟም አገሯን የያዘ ነው፤ «ሮዛ አቢሲኒካ»። በ1820 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌረዳዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም ገባች። እኛ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀጋ ነው የምንላት።

ቁጥቋጦዋ ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ ቅርንጫፏ አጥሩን ተደግፎ ይወርዳል። ፍሬዋ እየቀላ ነው፤ አንዳንዱ ገና አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ብርቱካናማ፣ በፀሐይ በኩል ያለው ቀይ። ከላይ፣ እጄ ከማይደርስበት፣ ዘግይተው ያበቡ ሦስት አበቦች ነበሩ። ልጁ በበትሩ ቅርንጫፉን ስቦ አወረደልኝ። አምስት ቅጠል፤ ቀጭን፣ በመሐሉ ቢጫ ጭራ የመሰለ ነገር የተነሣበት። ቅጠሉን በጣቴ ስነካው እንደ ሕፃን የጆሮ ጫፍ ለስላሳ ነው። አሸተትኩት፤ መሪጌታው ያሉት መዓዛ አለ። ቀለሙ ነጭ ነው። ፍጹም ነጭ።

እጄን ስመልስ እሾኋ ያዘኝ። እሾኋ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፤ ስትገቢ ዝም ይላል፣ ስትወጪ ይይዛል። ልጁ ቀስ ብሎ አላቀቀኝ።

ያን ቀን ያጠለቅሁት ሻርፕ ሮዝ ነበር። «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩት።

«ሮዝ።»

«ሮዝ ምንድን ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ቀለም ነዋ።»

እጁ ላይ ጽጌረዳ ይዞ ቆሟል። ሮዝ ማለት እሱ የያዘው ነገር መሆኑን አያውቅም፤ ብነግረውም አያምነኝም፤ የያዘው ነጭ ነው። ቁጭ ብዬ ነገርኩት። በባሕር ማዶ ይህች አበባ እህቶች እንዳሏት፣ ከእነሱ አንዳንዶቹ እንደ ሻርፔ እንደሆኑ፣ ሰዎቹም ቀለሙን በእነሱ ስም እንደጠሩት ነገርኩት። አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «የኛ ነጯ ናታ» አለ። አዎ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ፍሬዋ ግን ቀይ ነው» አለኝ፤ እንዳትከፋ የሚያጽናናት ይመስል ነበር።

ከአጥሩ ባሻገር ገብስ ታጭዷል። አያቱ ክምሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ነጭና ጥቁር እኩል ተቀላቅሎበት፣ ገብስማ የምንለው እሱ ነው። እግራቸው ሥር ያለው ነዶ ውስጥም ነጣ ያለውና ጠቆር ያለው ዘለላ ተደባልቋል። ቃሉን ከነአባቱ አንድ ላይ አየሁት። ስንት ዘመን ገብስማ ስል ኖሬያለሁ፤ የአንድ ሰው ጢም ከገብስ ነዶ አጠገብ ሆኖ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለሽማግሌው ብነግራቸው፣ «ታዲያ ከምን ሊመጣ ኖሯል?» አሉኝ።

ልጁ ፍሬ ለቅሞ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረልኝ። አንዷን አበባ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ትልልቅ ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ታች ያያሉ። የጎንደር ሠዓሊ ፊት ሲሥል ጉንጭ ላይ ጥላ ያሳርፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ የቀላ ነገር አለ። ዲያቆኑን ይህ ቀለም ምን ይባላል ብለው፣ «እሱማ ደም ግባት ነው» አለኝ። ቀለም ሳይሆን ደም ነው የጠራልኝ፤ ፊት ላይ ደም ሲገባ። ሮዝ ከመምጣቷ በፊት ይህን መልክ በምን እንጠራው ነበር ብዬ ስጨነቅ ለሰነበትኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አማርኛ ቃል አልጎደለውም፤ የፊትን ቅላት ከፊት ለይቶ ጨርቅ ላይ ማድረግ ነው ያልፈለገው።

ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም፤ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ናቸው። የፈለግሁት አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ከትግራይ የመጣች አንዲት ጽጌረዳ መዝግቧል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተተክላ የምትገኝ። ቅድስት ብሎ ነው የሰየማት፤ «ሮዛ ሳንክታ»። ዛሬ በእሱ ስም ትጠራለች። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ሐዋራ ላይ ከመቃብር ባወጣቸው የአበባ ጉንጉኖች ውስጥ የነበረችው ጽጌረዳ ከእሷ ጋር አንድ ናት ተባለ። ቀለሟ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው።

ስለዚህ ሮዟ ጽጌረዳ ከእኛው ግቢ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ነበረች። ቃሏን ከሩቅ ስናስመጣ አበባዋ እዚሁ ተተክላ ነበር። ይህን ሳስብ ሥላሴ ደጅ ድንጋይ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ከከተማው ወጣ ብለው ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበት ኮረብታ ላይ ሰዉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ታቦቱ ሲወጣ ዕልልታው የፈረሰውን ግንብ መትቶ ይመለሳል። እታበባ ድንጋይ ደግፌ እንድቆም አድርጋ እሷ ሕዝቡ ውስጥ ገባች፤ ከሩቅ የማያት ስታጨበጭብ በእጇ ነው። ከነጭ ነጠላ መሐል የሚወጣ እንሶስላ የሞቀ እጅ ብዙ ነበር፤ የእሷን ግን ለየሁት።

የጽጌ ወር በዚህ አበቃ። ማታ ቤት ገብተን ቱባውን ሰጠኋት። አምፖል ሥር ወስዳ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ አገላበጠችው፤ ክሩን ትንሽ ስባ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ይሄ ነው» አለች። «ማን ነገረሽ?»

ሸማኔው ጭቃ አለበት እንዳለኝ ነገርኳት። «እውነቱን ነው፤ ከመሬት የወጣ አይደል» አለችኝ።

ደብተሬን ስከፍት ቀጋዋ ደርቃለች። ከጫፎቿ ጀምራ ቡናማ ሆናለች። የዚግዛጉ ቁራጭ ጨርቅ ከጎኗ አለ። ለልጅቷ ምን እንደምላት አሰብኩ፤ ሮዝ የሩቅ አገር አበባ ልጅ ናት፣ ብቻዋን ነው የመጣችው፣ እዚህ አክስት አላት፣ አክስቷ ነጭ ናት እላታለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ትረዳለች። ሌላም ጥያቄ ታመጣለች።

እታበባ የቀጋውን ፍሬ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትታ ሰፌድ ላይ አፍስሳዋለች። «ውስጡ ፀጉር አለው፤ ጉሮሯቸውን እንዳይቧጥጣቸው ንገሪያቸው፤ ላይ ላዩን ነው የሚበላው» እያለች አንድ በአንድ ትጠርጋለች። ተቀምጬ አብሬያት ቆጠርኩ። የክፍሌ ልጆች 27 ናቸው። ፍሬው 31 ሆነ።